ድስት ጠጋኙ ዮሐንስ ቡንያን

፩

መንገደኛ በሄደ ቍጥር ሰማዩ ብራ አይሆንለትም። አንድ ቀን ፀሐይ ይወጣል፤ አንድ ቀን ጭጋግ ይወርድና ፊት ለፊት የቆመው ተራራ እንኳ አይታይም። ነገር ግን ተራራው ስላልታየ ከስፍራው አልሄደም። የሃይማኖትም መንገድ እንዲሁ ነው። በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው ሁሉ ልቡ የሚጠራጠርበት፥ ጸሎቱም የሚከብድበት ቀን ይመጣበታል። ብዙ ሰዎች ይህ በደረሰባቸው ጊዜ እምነታቸው ፈጽሞ የጠፋ ይመስላቸዋል፤ ከኀፍረትም የተነሣ ለማንም ሳይናገሩ ብቻቸውን ያዝናሉ። የዮሐንስ ቡንያን ታሪክ እንደዚህ ላለው ሰው ይጠቅማል። ዮሐንስ ብዙ ተጠራጠረ፥ ብዙም ፈራ፤ ነገር ግን እየፈራም ቢሆን መንገዱን ሄደ።

ዮሐንስ ቡንያን በእንግሊዝ አገር ቤድፎርድ ከምትባል ከተማ አጠገብ፥ ኤልስቶው በምትባል ትንሽ መንደር በ1628 ዓመተ ምሕረት ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነበቡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ቶማስ የተሸነቈረ ድስትና የናስ ዕቃ እየጠገነ የሚኖር ባለ እጅ ነበረ። ይህ ሥራ በዚያ ዘመን የተናቀ ሥራ ነበረ። ድስት ጠጋኞች መሣሪያቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ከመንደር ወደ መንደር ስለሚዞሩ፥ ሰዎች እንደ ተንከራታች ይቈጥሯቸው ነበር። ቶማስም ድኻ ነበረ፤ ሆኖም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሰዶ ማንበብና መጻፍ እንዲማር አደረገው። ከዚህ በኋላ ዮሐንስ መዶሻ ይዞ የአባቱን ሥራ ተማረ።

በ1644 ዓመተ ምሕረት ዮሐንስ ገና 15 ዓመቱ ሳለ ብርቱ ኀዘን ደረሰበት። እናቱ ሞተች፤ ከእርስዋም ሞት በኋላ ብዙ ሳይቈይ እኅቱ ማርጋሬት ተከተለቻት። አባቱም ወዲያው ሌላ ሚስት አገባ። በዚያ ጊዜ በንጉሡ በቻርልስ 1ኛና ፓርላማ በሚባለው በአገሩ ሸንጎ መካከል ጦርነት ነበረ። ዮሐንስም 16 ዓመት ሲሆነው ከፓርላማው ወገን ወታደር ሆነ።

ወታደር ሳለ አንድ ነገር ሆነ። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ተከበበ ስፍራ እንዲሄድ ታዘዘ። ሊነሣ ሲል ሌላ ወታደር በእርሱ ፈንታ ለመሄድ ለመነ፤ ዮሐንስም ፈቀደለት። ያ ወታደር በዚያ ስፍራ ዘብ ቆሞ ሳለ በጥይት ራሱን ተመትቶ ሞተ። ዮሐንስ ይህን ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ገና ጐልማሳ ስለ ነበረ ልቡን አልለወጠም። ሰው የእግዚአብሔርን ቸርነት ባየበት ሰዓት ሳያስተውለው ቀርቶ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ያስተውለዋል።

፪

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ዮሐንስ ወደ መንደሩ ተመልሶ ድስት መጠገኑን ቀጠለ። በ1649 ዓመተ ምሕረት ገደማም አንዲት ድኻ ልጅ አገባ። ሁለቱም እጅግ ድኾች ስለ ነበሩ ለቤታቸው አንድ ሳሕን ወይም አንድ ማንኪያ እንኳ አልነበራቸውም። ሴቲቱ ግን አባቷ በሞተ ጊዜ የተወላትን ሁለት መጻሕፍት ይዛ መጣች። መጻሕፍቱ ስለ መንግሥተ ሰማይ መንገድና እግዚአብሔርን ስለ መፍራት የሚናገሩ ነበሩ። ባልና ሚስቱ ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ዐብረው ያነቡ ነበር። ሚስቱም አባቷ ምን ያህል ቅን ሰው እንደ ነበረ ደጋግማ ትነግረው ነበር። በዚህ ምክንያት ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረ፤ ምላሱ ግን ገና አልተገራም ነበር። በመንደሩ ውስጥ እንደ እርሱ የሚሳደብና በከንቱ የሚምል ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን በአንድ ጐረቤት መስኮት አጠገብ ቆሞ እንደ ልማዱ ሲሳደብ የቤቱ እመቤት ሰማችው። ይህች ሴት ራስዋ በመልካም ጠባይ የማትመሰገን ሴት ነበረች። ቢሆንም የእርሱ ስድብ እርስዋን እንኳ እንዳስደነገጣት፥ የከተማውንም ልጆች ሁሉ እንደሚያበላሽ ነግራ በብርቱ ገሠጸችው። ዮሐንስ መልስ አጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ዝም አለ። በዚያች ሰዓት እንደ ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ፥ ያለ ስድብ መናገርን አባቱ እንዲያስተምረው ተመኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድብን ተወ፤ ስድብን ከተወ ወዲህ ንግግሩ የሚሻልና ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አይቶ ራሱ ተደነቀ። ተግሣጽ ከማንም አፍ ቢመጣ ይጠቅማል፤ ጥበበኛ ሰው የተናገረውን ሰው ሳይሆን የተነገረውን ነገር ይመለከታል።

ቀጥሎም የሰንበት ቀን ጨዋታንና ዘፈንን ተወ። ጐረቤቶቹም መለወጡን አይተው ያመሰግኑት ጀመር። ዮሐንስ በምስጋናቸው እጅግ ደስ አለው፤ ከእርሱ የሚበልጥ እግዚአብሔርን የሚያስደስት ሰው በእንግሊዝ አገር ያለ አልመሰለውም። ነገር ግን ውጪው ተወልውሎ ውስጡ እንደ ተሸነቈረ ድስት ነበረ። እንዲህ ያለው ድስት ከመደርደሪያ ላይ ሳለ ያማረ ነው፤ ውሃ በተደረገበት ጊዜ ግን ያፈሳል።

፫

አንድ ቀን ዮሐንስ ለሥራው ወደ ቤድፎርድ ሄደ። በአንድ መንገድ ሲያልፍ ሦስት ወይም አራት ድኾች ሴቶች በደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አያቸው። ስለ እግዚአብሔር ነገር ይነጋገሩ ነበር። ዮሐንስም ራሱን ዐዋቂ አድርጎ ይቈጥር ስለ ነበረ ሊሰማቸው ቀረበ። ነገር ግን ንግግራቸውን አላወቀውም። ሴቶቹ እግዚአብሔር ልባቸውን እንዴት እንደ ለወጠው፥ ስለ ራሳቸው ድካም፥ ፈተናም በመጣባቸው ጊዜ ስላጽናናቸው ነገር ይጫወቱ ነበር። ስለ መልካም ሥራቸው አልተመኩም። ፊታቸውም የደስታ ፊት ነበረ። ዮሐንስ ዕቃውን ተሸክሞ ሄደ፤ ልቡ ግን ከእነርሱ ጋራ ቀረ። እነዚያ ድኾች ሴቶች ያላቸው ነገር ለእርሱ እንደ ጐደለው ዐወቀ።

ከዚህም በኋላ ጥርጣሬ መጣበት። እውነተኛ እምነት እንዳለውና እንደሌለው በምን ሊያውቅ እንደሚችል ዘወትር ራሱን ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ከኤልስቶው ወደ ቤድፎርድ ሲሄድ አንድ አሳብ በልቡ ገባ። ይህም አሳብ እምነት ያለው ሰው ተአምር ማድረግ ስለሚችል፥ እርሱም ተአምር አድርጎ ራሱን እንዲፈትን የሚገፋፋ ነበረ። በመንገዱ ላይ የፈረስ ኮቴ በረገጠው ስፍራ ሁሉ ውሃ አቍሮ ነበር። ዮሐንስ ውሃ ያቈረው እንዲደርቅ፥ ደረቁም ውሃ እንዲያቍር ሊያዝ አሰበ። አፉን ሊከፍት ሲል ግን አስቀድሞ ከቍጥቋጦው ሥር ሄዶ መጸለይ እንደሚገባው ታሰበው። ቀጥሎም ጸልዮ ካዘዘ በኋላ ውሃው ባይደርቅ ምን እንደሚሆን አሰበ። እንዲህ ከሆነ እምነት የለኝም በማለት ፈጽሞ ተስፋ እንደሚቈርጥ ተረዳ። ስለዚህ ነገሩን ተወና መንገዱን ሄደ።

ውሃው አልደረቀም፤ ዮሐንስም በጭቃው ውስጥ እየረገጠ ወደ ሥራው ደረሰ። በዚያ ቀን ምንም ትልቅ ነገር የሆነ አይመስልም። ነገር ግን የሕይወቱ ነገር ሁሉ እንደዚህ ነበረ። እግዚአብሔር ጭቃውን አላደረቀለትም፤ በጭቃው ውስጥ የሚሄድበትን ጕልበት ግን ሰጠው።

እነዚያ ሴቶች ወደ ቄሳቸው ወደ ዮሐንስ ጊፎርድ ወሰዱት። ጊፎርድ አስቀድሞ የንጉሡ ወገን የጦር ሹም የነበረ፥ በመጠጥና በቍማር ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ በኋላ ግን ንስሐ ገብቶ የክርስቲያኖች እረኛ ሆነ። እንዲህ ያለው ሰው የዮሐንስን ጥርጣሬ በሰማ ጊዜ አልተቈጣውም፥ አልናቀውምም፤ በትዕግሥት አስተማረው እንጂ። ዮሐንስም የልቡን ጭንቀት ለታመነ ሰው በገለጠ ጊዜ ሸክሙ ጥቂት ቀለለለት።

፬

ሆኖም ፈተናው ገና አላለቀም ነበር። አንድ ክፉ አሳብ ቀንና ሌሊት ይከተለው ጀመር። አሳቡም ክርስቶስን እንዲተወው፥ ለዚህ ዓለም ነገርም እንዲለውጠው የሚገፋፋ ነበረ። ዮሐንስ ሲበላ፥ ድስት ሲጠግን፥ መርፌ እንኳ ሊያነሣ ጐንበስ ሲል ይህ አሳብ ይመጣበታል። ከብዙ ትግል በኋላ አንድ ቀን ጧት በአልጋው ላይ ሳለ ደከመ፤ ክርስቶስ ሊሄድ ከወደደ ይሂድ የሚል አሳብም በልቡ አለፈ። ወዲያው ደነገጠ። ብኵርናውን ስለ አንድ መብል እንደ ሸጠው እንደ ዔሳው የሆነ መሰለው። ከዚያም በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ተስፋ መቍረጥና ተስፋ እየተፈራረቁ ልቡን አስጨነቁት።

በዚያ ዘመን ሁሉ ግን ድስት መጠገኑን አልተወም፤ ሚስትና ልጆች ነበሩትና። በኵር ልጁ ማርያም ዕውር ሆና ተወልዳ ነበር። እርሱም መጽሐፍ ቅዱስ ማንበቡን አልተወም፤ ንባቡ አንድ ቀን ያጽናናዋል፥ አንድ ቀን ደግሞ ያስፈራዋል። አንድ ጊዜም ማርቲን ሉተር ስለ ገላትያ መልእክት የጻፈው መጽሐፍ በእጁ ገባ። መጽሐፉ እጅግ አሮጌ ስለ ነበረ ገጹን ሲገልጥ ሊበጣጠስበት ይደርስ ነበር። ዮሐንስም ሲያነበው የራሱ ልብ ነገር የተጻፈበት መሰለው። ከእርሱ በፊት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የኖረ ሰው እንደ እርሱ ተጨንቆ እንደ ነበረ በማወቁ እጅግ ተጽናና። የሚጠራጠር ሰው እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው ያለ አይመስለውም፤ መጻሕፍትን ያነበበ ግን ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

በመጨረሻ አንድ ቀን በሜዳ ሲያልፍ ብርሃን በልቡ ወጣ። ጽድቁ በራሱ ልብ መልካምነት ላይ የቆመ ሳይሆን በሰማይ ያለው ክርስቶስ ራሱ ጽድቁ እንደ ሆነ አስተዋለ። ልቡ ዛሬ ቢሞቅ ነገ ቢቀዘቅዝ ክርስቶስ አይለወጥም። ከዚህም በኋላ ፍርሃት ተመልሶ አልመጣበትም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በፈራ ጊዜ የሚይዘውን ዐወቀ።

፭

በ1655 ዓመተ ምሕረት ገደማ የቤድፎርድ ክርስቲያኖች ዮሐንስ እንዲያስተምራቸው ለመኑት። እርሱም ቀን መዶሻውን ይዞ እየሠራ በትርፍ ጊዜው ወንጌልን ይሰብክ ጀመር። ትልቅ ትምህርት ቤት ያልገባ፥ ድስት የሚጠግን ሰው ሲሆን፥ ብዙ ሕዝብ ሊሰማው መጣ። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከደረሰበት ፈተና ያወጣው ስለ ነበረ፥ ያዘኑ ሰዎች ቃሉን በደስታ ተቀበሉት። አንዳንድ ጊዜ ሰባኪው ራሱ ወደ መስበኪያው ሲወጣ በፍርሃት ይጨነቅ ነበር፤ ቢሆንም ሥራውን ይፈጽማል።

በ1658 ዓመተ ምሕረት ሚስቱ አራት ልጆች ትታ ሞተች። በሚከተለው ዓመት ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት አገባ፤ እርስዋም ለልጆቹ እናት ሆነችላቸው።

በ1660 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ ቻርልስ 2ኛ በዙፋን ተቀመጠ። ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጪ ሕዝብን ሰብስቦ የሚሰብክ ሰውም ይያዝ ጀመር። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር ዮሐንስ በአንድ መንደር ለመስበክ ቀጠሮ ነበረው። እዚያ ሲደርስ ሊይዙት ትእዛዝ እንደ ወጣ ሰማ። ገና ጊዜ ስለ ነበረ ሊሸሽ ይችል ነበር፤ ባለቤቱም ስብሰባው እንዲቀር አሳብ አቀረበለት። ዮሐንስ በቤቱ አጠገብ ባለው ሜዳ ብቻውን እየተመላለሰ አሰበ። እርሱ ሌሎችን እንዲጸኑ ሲያስተምር ኖሮ አሁን ቢሸሽ፥ ገና በእምነት ለጋ የሆኑት ሰዎች ምን ያህል እንደሚደክሙ ታየው። ስለዚህ ወደ ቤቱ ገባና ስብሰባውን በጸሎት ጀመረ። ጥቂት እንደ ተናገረም መጥተው ያዙት።

ዳኞቹ ስብከቱን ቢተው ሊለቁት ፈቅደው ነበር። ዮሐንስ ግን ይህን ተስፋ ሊሰጥ አልወደደም። ሦስት ወር ታስሮ፥ ከዚያም በኋላ እንቢ ቢል ከአገር እንዲሰደድ ፈረዱበት። ከአገር አላስወጡትም፤ ነገር ግን ሦስቱ ወር 12 ዓመት ሆነ።

፮

ኤልሳቤጥ በዚያ ጊዜ ፀንሳ ነበር። ባልዋ መታሰሩን በሰማች ጊዜ ደንግጣ ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት፤ ሕፃኑም ሞተ። እርስዋ ግን ተስፋ አልቈረጠችም። ስለ ባልዋ አቤት ለማለት እስከ ሎንዶን ሄደች። በ1661 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ወርም ዳኞች ወደ ቤድፎርድ በመጡ ጊዜ በፊታቸው ቆመች። የምታሳድጋቸው አራት ልጆች እንዳሏት፥ አንዲቱም ዕውር እንደ ሆነች፥ ከደጋግ ሰዎች ምጽዋት በቀር መተዳደሪያ እንደሌላቸው በትሕትና አስረዳች። ባልዋ ስብከቱን ይተው እንደ ሆነ በጠየቋት ጊዜ ግን፥ መናገር እስከ ቻለ ድረስ እንደማይተው ሳታፍር መለሰች። ማቴዎስ ሔል የሚባለው ዳኛ አዘነላት፤ ነገር ግን ሊፈታው አልቻለም። ኤልሳቤጥ እያለቀሰች ወጣች። ያለቀሰችውም ስለ ራስዋ ብቻ አልነበረም፤ እነዚያ ዳኞች በእግዚአብሔር ፊት ስለሚሰጡት መልስ አስባ ነው እንጂ።

ዮሐንስ በእስር ቤት ሳለ ትልቁ ፈተናው ሰንሰለትና ርኃብ አልነበረም። ትልቁ ፈተናው ስለ ልጆቹ፥ ይልቁንም ስለ ዕውሪቱ ማርያም ማሰብ ነበረ። እርስዋ ስትለምን፥ ሲበርዳት፥ ሰው ሲመታት በዓይነ ልቡናው እያየ ልቡ ይሰበር ነበር። አንዲት ቃል ቢናገር ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ያውቃል። ስለ እምነቱ ሲል ቤቱን በሚስቱና በልጆቹ ራስ ላይ የሚያፈርስ ሰው መስሎ ታየው። እንዲህ ባለው ጭንቀት ጊዜ ልጆቹን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጠ፤ የሚቻለውንም ያህል ሠራ። ድስት መጠገን በእስር ቤት ስላልሆነለት፥ ጫፉ በብረት የተለበጠ የጫማና የልብስ ማሰሪያ መሥራት ተማረ። በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ማሰሪያ እየሠራም ቤተ ሰቡ እንዲሸጠው ያደርግ ነበር። ማርያምም በመንገዱ እየዳበሰች ለአባቷ መብል ታመጣለት እንደ ነበረ ይነገራል። እርስዋም ከአባቷ ቀድማ ሞተች።

ሌላም ፍርሃት ነበረበት። በመጀመሪያው ወራት ሕጉን በደንብ ስላላወቀ በስቅላት የሚሞት መስሎት ነበር። ሞትን ይልቅ ያስፈራው ግን የራሱ ልብ ነበረ። በዚያ ጊዜ ልቡ ባዶ ሆኖበት፥ ጸሎቱም ደርቆበት ነበርና። ወደ መስቀያው መሰላል ሲወጣ ጕልበቱ ቢንቀጠቀጥ፥ ፊቱም ቢገረጣ፥ የእግዚአብሔርን ስም እንዳያሰድብ ፈራ። እግዚአብሔር እንዲያጽናናው ለመነ፤ መጽናናት ግን አልመጣለትም። ብዙ ሳምንት እንዲህ ሆኖ ከቈየ በኋላ አንድ ነገር ቈረጠ። እግዚአብሔር ሊያጽናናው ወይም ሳያጽናናው ሊተው ነጻ ነው፤ እርሱ ግን ያመነውን ሊክድ ነጻ አይደለም። ስለዚህ መጽናናት ቢሰጠው ወይም ባይሰጠው በእምነቱ ሊጸና ወሰነ። ይህን በቈረጠ ጊዜ ልቡ ዐረፈ። አስቀድሞ መጽናናትን አግኝቶ ሊታዘዝ ይፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ታዘዘና መጽናናቱ በኋላ መጣ።

፯

በእስር ቤት ሳለ ዮሐንስ ከእርሱ ጋራ የነበሩት መጻሕፍት መጽሐፍ ቅዱስና የሰማዕታት ታሪክ ነበሩ። እነዚህን እያነበበ ራሱም ይጽፍ ጀመር። በ1666 ዓመተ ምሕረት የሕይወቱን ታሪክ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ ስድቡን፥ ጥርጣሬውን፥ ፍርሃቱን ሁሉ ሳይሸሽግ ተናገረ። ስለ ልቡ ትግል ዛሬ የሚታወቀው ሁሉ እርሱ ራሱ ስለ ጻፈው ነው። ብዙ ሰው ድካሙን ይሸፍናል፤ ዮሐንስ ግን በእርሱ መንገድ የሚመጡ ደካሞች እንዲበረቱ ድካሙን ገለጠ።

በ1672 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ የሃይማኖት ነጻነት ዐዋጅ ባወጀ ጊዜ ዮሐንስ ተፈታ። የቤድፎርድም ክርስቲያኖች ጎተራ በነበረ ቤት ውስጥ እየተሰበሰቡ እርሱን እረኛቸው አደረጉት። ዐዋጁ ግን ብዙ ሳይቈይ ተሻረና ዮሐንስ እንደ ገና ስድስት ወር ያህል ታሰረ።

በ1678 ዓመተ ምሕረት ከመጻሕፍቱ ሁሉ የበለጠ ዝና ያገኘው መጽሐፉ ታተመ። ይህ መጽሐፍ ክርስቲያን የሚባል ሰው ከጥፋት ከተማ ወጥቶ ወደ ሰማያዊት ከተማ የሚያደርገውን ጕዞ በምሳሌ የሚናገር ነው። ክርስቲያን በጀርባው ከባድ ሸክም ነበረበት። ገና መንገዱን ሲጀምር ተስፋ በመቍረጥ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ሸክሙም ከመስቀሉ አጠገብ በደረሰ ጊዜ ከጀርባው ወርዶ ወደቀለት። ሸክሙ ከወረደለት በኋላ ግን መንገዱ ቀላል አልሆነለትም። አንድ ቀን ከባልንጀራው ጋራ መንገድ ስቶ በአንድ ግዙፍ ሰው እጅ ወደቀ። የግዙፉ ስም ተስፋ መቍረጥ፥ የግንቡም ስም ጥርጣሬ ነበረ። በዚያ ጨለማ ግንብ ታስረው ብዙ ተደበደቡ። በመጨረሻም ሲጸልዩ ዐድረው፥ ክርስቲያን የተስፋው ቃል ቍልፍ ከመጀመሪያ አንሥቶ በብብቱ ውስጥ እንደ ነበረ ታሰበው። በዚያም ቍልፍ በሩን ሁሉ ከፍቶ ወጣ።

ይህን ታሪክ የጻፈው ሰው የጭቃውን ጥልቀትና የግንቡን ጨለማ በራሱ ሕይወት ያወቀ ነው። ስለዚህ ድኻውም ባለጠጋውም፥ ሊቁም ሕፃኑም መጽሐፉን ወደደው። ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሟል። ወደ አማርኛም በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ስለ ተተረጐመ፥ በኢትዮጵያ ብዙ ሰዎች አንብበውታል። ድስት ጠጋኙ የጻፈው መጽሐፍ እርሱ ሊደርስ ወደማይችልበት አገር ሁሉ ደረሰ።

፰

ዮሐንስ ዝና ካገኘ በኋላም ጠባዩ አልተለወጠም። በፈረስ እየዞረ ሕመምተኞችን ይጠይቅ፥ የተጣሉትንም ያስታርቅ ነበር። በ1688 ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ወር አንድ ጐልማሳ ወደ እርሱ መጣ። አባቱ ተቈጥቶበት ስለ ነበረ ርስቱን እንዳይነሣው ይፈራ ነበር። አባትየው የሚኖረው ሬዲንግ በምትባል ሩቅ ከተማ ነው። ዮሐንስ 59 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሰውነቱም በእስር ዘመን ደክሞ ነበር። ቢሆንም በፈረሱ ተቀምጦ ወደ ሬዲንግ ሄደ። አባትየውን በየዋህነት ተናግሮ ልቡን አራራለት፤ አባትና ልጅም ታረቁ።

ከዚያ ወደ ሎንዶን ሲጓዝ ብርቱ ዝናም ወረደበት። መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ልብሱም ሁሉ ራሰ። ሎንዶን ሲደርስ ባለ ሱቅ በሆነ በአንድ ወዳጁ ቤት ዐደረ። ሳይቈይም ብርቱ ትኵሳት ያዘው፤ ነሐሴ 31 ቀንም በሰላም ዐረፈ። በሎንዶን ባንሂል ፊልድስ በሚባል መካነ መቃብር ተቀበረ።

ይህ ሰው በጐልማስነቱ የመንገዱን ውሃ ሊያደርቅ፥ በዚህም እምነቱን ሊያውቅ አስቦ ነበር። በሽምግልናው ግን ውሃው እንዲደርቅለት አልጠየቀም፤ በዝናም ውስጥ ሄዶ አባትንና ልጅን አስታረቀ። ከሁለቱ ነገር የትኛው የእምነት ምልክት እንደ ሆነ ለማወቅ አያስቸግርም።

ጥርጣሬ በልብ የሚመጣበት ልጅም ከዚህ ታሪክ መማር ይችላል። ጥርጣሬው ስለ መጣ ጸሎቱን አይተው፤ ጸሎቱ ደረቅ ቢሆንበትም ይጸልይ። ጭንቀቱን በልቡ ሸሽጎ አይያዝ፤ ለሚታመን ታላቅ ሰው ይንገር። ልቡ የሚሞቅበትን ቀን እየጠበቀ የዛሬን ሥራ ለነገ አያሳድር፤ ለታመመ ጐረቤቱ ውሃ ይቅዳ፥ ከተጣላው ጓደኛው ጋራ ይታረቅ፥ እውነትንም ይናገር። ጭጋግ ተራራውን ይሸፍነዋል እንጂ አያፈርሰውም። በጭጋግ ቀን አካሄዱን ያላቋረጠ መንገደኛ ብራ ሲሆን ከተራራው አጠገብ ደርሶ ይገኛል።